የግቢያችን ሣር ፈታሽ

አንድ ክንድ ሣር ያለበት ቦታ ሁሉ የራሱ ጎንባሽ አለው። ሣሩ የሆስፒታል በር ላይ ይሁን፣ የባንክ ደጃፍ ወይም በሁለት አስፋልት መሐል የተረሳች ጠባብ መሬት፣ ልዩነት የለውም። ጥቂት ጠብቁ። ከየት መጣ ሳትሉት አንድ ሰው ይመጣል፤ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ ያደርጋል፤ ያጎነብሳል፤ አንድ ነገር ነቅሎ ወደ ፀሐይ ያነሳና ሥሩን እያየ «አሃ!» ይላል። ይህ ሰው አትክልተኛ አይደለም። ማንም አልቀጠረውም፣ ማንም አልጠራውም። ሥራውን ሲጨርስ ማንም አያመሰግነውም፤ እሱም ሥራውን አይጨርስም።

የእኛን ግቢ ጎንባሽ በስማቸው የሚጠሯቸው ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሲቆጡ ነው። ሌሎቻችን በሌሉበት «ፈታሹ»፣ ባሉበት «ጋሼ» እንላቸዋለን። ሠላሳ አራት ዓመት የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ። የሰው ሻንጣ ከፍተው፣ የጫማ ሶል አንኳኩተው፣ የሳሙና ካርቶን አሽትተው ኖረዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ክቡር ፈታሹ ግን ሲሾሙም አልበሉም፣ ሲሻሩም አልተቆጩም። ጡረታ በወጡ ማግሥት ወደ ግቢያችን ሜዳ ወርደው ፍተሻውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ኬላው ተቀየረ እንጂ ፈታሹ አልተቀየሩም።

ሜዳ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሥራ ሁለት አባወራ በሦስት ጎን በተሠሩ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ውስጥ እንኖራለን፤ በአራተኛው ጎን የብረት በር አለ፤ መሐሉ ላይ የመረብ ኳስ መጫወቻ የምታህል አረንጓዴ ቦታ አለች። ልብስ እናሰጣባታለን። ሕፃናት ድክ ድክ ይሉባታል። ፀሐይ ልንሞቅ ወጥተን ሰው እናማባታለን። ሜዳችን ይህች ናት።

እኔ ወደ ግቢው የገባሁ ዕለት ፍራሼን በራሴ ተሸክሜ፣ ፊቴ ሳይታይ፣ በብረቱ በር ስዘልቅ አንድ ድምፅ «ቁሚ!» አለኝ።

ቆምኩ። የሚያስቆም ድምፅ ነው። አውቶብስ ቢሆን ይቆማል።

«የምታስመዘግቢው ዕቃ አለ?»

«ፍራሽ ነው፣ ጋሼ» አልኩ ከፍራሹ ሥር።

«ፍራሹን ማን ጠየቀሽ? ቀሚስሽ ላይ ያለውን ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቀሚሴ ጫፍ ላይ አራት ጨጎጎት ተለጥፏል፤ ያ ልብስ ላይ እየተጣበቀ በነፃ የሚሳፈር የአረም ፍሬ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ምን አውቄ ጋሼ፤ መንገድ ላይ ይሆናል።»

«በየትኛው መንገድ መጣሽ?»

«በወንዙ በኩል።»

«ብቻሽን ነበርሽ? ያዢልኝ ብሎ የሰጠሽ ሰው የለም?»

ከዚያ ጉልበታቸውን አጥፈው አራቱን ጨጎጎት አንድ በአንድ ከቀሚሴ ለቀሙ፤ በወረቀት ጠቀለሏቸው፤ ወረቀቱን አራት ጊዜ አጠፉና በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። «እነዚህ ተይዘዋል» አሉኝ በታላቅ ጨዋነት፤ «አንቺ ማለፍ ትችያለሽ።»

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስማር እንደዚያ በትኩረት የመረመረኝ መምህር አልገጠመኝም። ፍራሼን ተሸክሜ እዚያው አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ክቡርነታቸው አረምን የሚያውቁት ሰው እንደሚታወቅ በጠባዩ ነው። ወደ ሥራ ስወጣ ሜዳው ዳር ያስቆሙኝና ትምህርት ይሰጡኛል። ፈቃደኛ መሆን አለመሆኔ ተጠይቆ አያውቅም።

«ይቺን እይ። ሣር ትመስላለች አይደል? ግንዷን በሁለት ጣትሽ መሐል አንከባልያት። ተንከባለለች?»

«እምቢ አለች፣ ጋሼ።»

«ሦስት ማዕዘን ናታ! እንግጫ ናት። ሣር ነኝ ብላ በሐሰት ፓስፖርት የገባች። ከሥር እንደ ለውዝ ፍሬ ያለች ነገር አለቻት፤ እሷን ትተሽ ቅጠሉን ብትጎትቺ ትስቅብሻለች።»

ጎርጠብ ደግሞ ሰፊ ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ በጀርባው የሚተኛው ነው። «ይህ ወንበሩን የያዘ ሹም ነው» ይላሉ፤ «ብትረግጪው ደስ ይለዋል እንጂ አይነሳም። ጠባብ ቢላ በጎኑ አስገብተሽ ከነመቀመጫው ነው።» ሰርዶ በመሬት ውስጥ እየተሳበ እዚህ ሲይዙት እዚያ ብቅ የሚል ኮንትሮባንዲስት ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ግን ማገጥን ነው። ሦስት ክብ ቅጠል፣ መሐሏ ላይ ነጭ አበባ፤ ንቦች የሚወዷት። ምን አደረገቻቸው ብዬ ብጠይቅ «ቆንጆ ናት» አሉኝ። «ቆንጆ ሻንጣ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይፈተሻል።»

ደንባቸው ደግሞ አንድ ነው፤ ሥር። አንድ የግቢ ሰው ሊያስደስታቸው ብሎ አንድ ቅጠል ቀንጥሶ ቢያመጣ ምስጋና እንዳይጠብቅ።

«ሥሩን አሳየኝ!»

«ሥሩማ... እዚያው ቀረ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ፀጉሩን አስተካክለህ ለቀቅኸው እኮ!»

ድንበራቸው ግቢው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ ሙሽሮቹ በአንድ መናፈሻ ሣር ላይ ፎቶ ተነሱ፤ እኛም አጅበን ሄድን። አልበሙ ሲመጣ ሙሽራዋ ትስቃለች፣ ሙሽራው ይስቃል፣ ከኋላቸው አንድ ግራጫ ሱሪ ወደ ሰማይ ተቀስሯል። ገጹን ስንገልጥ ሙሽሮቹ ቦታ ቀይረዋል፤ ሱሪውም ቀይሯል። ያ ሱሪ በሠላሳ ሁለት ፎቶዎች ውስጥ አለ። ሙሽራው በሃያ ዘጠኙ ነው ያለው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከባለቤታቸው ጋር በሽተኛ ሊጠይቁ ሄደው የሆስፒታሉ በር ላይ ጎርጠብ አዩ። «አንቺ ግቢ፣ ደርሻለሁ» አሉ። ባለቤታቸው ገቡ። በሽተኛው ተሻለው፣ ወጣ፣ በእግሩ እየሄደ በሩ ላይ ደረሰና ጎንበስ ያሉትን ሰውዬ «ምነው ጋሼ፣ የጠፋ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃቸው።

እኔም ከመዓታቸው አላመለጥኩም። ከመስኮቴ ሥር፣ በግድግዳውና በሲሚንቶው ስንጥቅ መሐል አንዲት ቢጫ አበባ በቅላ ነበር። ከአንድ ጭብጥ አፈር እንዲህ ያለ ቢጫ ከየት ይመጣል እያልኩ ጠዋት ጠዋት አያት ነበር። አንድ ጠዋት ስንጥቁ ባዶ ነው። ፈታሹ አበባዬን ጭንቅላቷን ወደ ታች ይዘው፣ አንድ ስንዝር ሥሯን በኩራት ያሳዩኛል።

«አየሽ? ሳትሰበር!»

«ጋሼ፣ እወዳት ነበር እኮ!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አሉኝ፤ «ሲያዝበት።»

ሳምንት ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም። አላወቁትም።

እውነተኛውን ፍርድ የሚሰጡት ግን ባለቤታቸው ናቸው። እትዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ሲሆኑ ከላይ ከመስኮታቸው ሆነው ለግቢው ሁሉ ያስረዳሉ። «ይህ ሰውዬ በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ካልሲ ከመሬት አንስቶ አያውቅም! ወገቤን ይለኛል! ይኸው፣ ወገቡን እዩልኝ!» ፈታሹ ቀና ሳይሉ «ካልሲ ሥር የለውም» ይላሉ። እትዬ ደግሞ አይሸነፉም። «ሁለታችንም ስናወጣ ነው የኖርነው። እኔ ያወጣሁት ግን አድጎ መንገድ ላይ እንደምን አደሩ ይለኛል!»

እንዲህ እየሳቅንባቸው ስንኖር ነው ባለሁለት መኪናው የተነሳው።

ባለሁለት መኪናው የመለዋወጫ ነጋዴ ነው። አንዷ መኪናው በበሩ ጥግ ታድራለች፤ ሁለተኛዋ ውጭ መንገድ ላይ ትቆምና ጠዋት ጠዋት ወፎች አስውበዋት ያገኛታል። አንድ እሑድ የነዋሪዎች ኮሚቴ በሰብሳቢያችን ሳሎን ተጠራ። ሰብሳቢያችን የሒሳብ መምህርት ናት፤ ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ እንኳ ከነጥብ በታች ሁለት ቤት የምትይዝ።

«ሜዳውን ንጣፍ እናልብሰውና መኪና ማቆሚያ ይሁን» አለ ባለሁለት መኪናው።

«ሣሩስ?» አለ አንዱ።

«የቱ ሣር? ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማሩን? ያ እንግጫ፣ ያ ጎርጠብ፣ ያ ሰርዶ፣ ያ ማገጥ! ሣር አለ ያለኝ ሰው ሣሩን ያሳየኝ። እኔ አረም ለማስተኛት ነው መኪናዬን ውጭ የማሳድረው?»

እውነቱን ነው። የከሰሰበትን ቃል ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማረው። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አሉ አህያ፤ ይህኛው ግን መሞቱን እንኳ መጠበቅ አልቻለም። እጅ ተቆጠረ። ሜዳው በአንድ ወር ውስጥ ከአረም ከጸዳ ይቆያል፣ ካልጸዳ ይነጠፋል ተባለ። ሰብሳቢዋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ያን ዕለት ማታ ፈታሹን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቢላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ምንም አልያዙም፣ ምንም አልፈተሹም።

«ከተነጠፈ» አሉኝ፣ ወደ ሜዳው እያዩ፤ «እኔ ጠዋት ስነሳ ወዴት ነው የምወርደው?»

ከላይ ከመስኮቱ እትዬ ሰምተው ኖሮ «ወደ ካልሲህ!» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም።

በማግሥቱ ክቡርነታቸው ዘመቻ ጀመሩ። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ እርምጃ አሉ። በእንብርክካቸው ሜዳውን ከጫፍ ጀምረው እያንዳንዷን ቅጠል እያገላበጡ፣ እያንዳንዷን ግንድ በጣታቸው እያንከባለሉ፣ አንዳንዷ አጠገብ የክብሪት እንጨት ይተክላሉ፤ ቀይ ጭንቅላቷን ወደ ላይ አድርገው። ከጥግ ያለው ሱቅ ክብሪት አለቀበት። ባለሱቁ ቤት የሚያቃጥሉ መስሎት ለእትዬ ሊነግር መጣ። አምስት ቀን እንዲህ ሰነበቱ። ጠዋት ስወጣ ሜዳው ላይ ያ ሁሉ ቀይ ነጥብ በጤዛው መሐል ያበራል፤ ሌሊት የወረደ ሌላ ዓይነት ጠል ይመስለኝና አንድ አፍታ ቆሜ አየዋለሁ።

በስድስተኛው ቀን ጎንበስ እንዳሉ ቀና ማለት አቃታቸው። አራት ሆነን፣ እንደተጎነበሱ፣ እንደ ወንበር ተሸክመን ወደ ላይ አወጣናቸው። እትዬ አልጋ ላይ በጎናቸው አስተኝተው «ይኸው፣ እንደ ፅንስ ተጠቅልሎ! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አገላብጬ አላውቅም» አሉ። ሦስት ቀን እንዳይንቀሳቀሱ ታዘዘ።

እዚህ ላይ እኔ እገባለሁ። ባልገባ ይሻል ነበር።

በማግሥቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ጎረቤቶቼን በር በበር አንኳኳሁ። ሰውዬው አምስት ቀን ሙሉ ምልክት አድርገው ወደቁ፤ እኛ መንቀል እንኳ ያቅተናል? አልኩ። ነገሩ ልብ ነካቸው መሰለኝ ከባለሁለት መኪናው በቀር ሁሉም ወጣ። ሹካ የያዘ አለ፣ ቢላ የያዘ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች። ሌሊት ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ለስልሶ ነበር፤ እሳቸውም ሁሌ የሚሉት ከዝናብ በኋላ ንቀሉ ነው። ደስ የሚል ጠዋት ነበር። ክብሪት ያለበትን ፈልጎ፣ ቢላ በጎኑ አስገብቶ፣ ቀስ ብሎ ከነሥሩ። አንዲት ሥር አልተሰበረብንም። እስከ ምሳ ድረስ አንድም ክብሪት ሜዳው ላይ አልቀረም። የነቀልነውን በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን፣ አንዱን ከረጢት ተሸክሜ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

ፈታሹ በጎናቸው ተኝተዋል። አንድ ጭብጥ አውጥቼ ከዓይናቸው ሥር ያዝኩላቸው።

«ሥሩ ይኸው፣ ጋሼ! አንድም አልተቆረጠም!»

አዩት። አንዷን ወሰዱና ግንዷን በሁለት ጣታቸው አንከባለሉ። ተንከባለለች። ሌላ ወሰዱ። ተንከባለለች።

«ከየት ነው ይህን ያመጣችሁት?»

«ከክብሪቶቹ አጠገብ ነዋ፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄ» አሉ፤ «ክብሪቱን የተከልኩት ለሣሩ ነው።»

«ለሣሩ?! ምነው ጋሼ! ሰው ምልክት የሚያደርገው በሚነቀለው ላይ አይደል?»

«አረሙ ላይ ልትከል ብል የትኛው ክብሪት ይበቃኛል?» አሉ። «ንጹሐኑ ጥቂት ናቸው። የተረፉትን እንዳትነኩብኝ ብዬ ለጥቂቶቹ ተከልኩ።»

ከረጢቱ ከእጄ ወደቀ። እኔ፣ የተማርኩ ነኝ የምል፣ ዘጠኝ አባወራ አስተባብሬ፣ በግቢው ውስጥ የነበረውን ሣር በሙሉ፣ አንድ ሳላስቀር፣ በጥንቃቄ፣ ከነሥሩ ነቅያለሁ። የቀረው አረም ብቻ ነው።

እትዬ የመስኮቱን ዘንግ ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። «ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ስትጠይቅ ኖረህ፣ አንድ ቀን ለአንድ ሰው ብትናገር ምን ነበረበት!»

መልሰን እንትከለው አልኩ። የተወሰነውን ተከልን፤ ቀን ፀሐይ መታው፣ በማግሥቱ ወደ ቢጫ ዞረ። ከዚያ ዝናብ ጣለ፣ ሳያቋርጥ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ። እሳቸው ወገባቸው ጭራሽ ጠንቶባቸው ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ሆኑ። ሜዳው ባለቤት አጣ።

በአራተኛው ሳምንት ሰማዩ ሲገለጥ በሬን ከፍቼ ወጣሁና ደነገጥኩ። ማገጥ ነበር። ጠላቱ ሣር ከመሐሉ ወጥቶለት፣ እንግጫውን ውጦ፣ ጎርጠቡን ሸፍኖ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተነጥፏል። አንድ ባዶ ቦታ የለም። እያንዳንዷ ሦስት ቅጠል መዳፏ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ይዛለች። ነጭ አበባ ከዳር እስከ ዳር። የታችኛው ቤት ሕፃን ዳይፐር ብቻ ታጥቆ መሐሉ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ይመታዋል። በስድስት ዓመት ውስጥ ሜዳችን እንዲህ አምሮ አያውቅም። ቀና ብዬ ወደ ፈታሹ መስኮት አየሁ። ቆመው እያዩ ነበር። መጋረጃውን ዘጉት።

ቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ኮሚቴው ሜዳው ዳር ተሰበሰበ። ብዙው ሰው ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል፤ ጫማቸውን አውልቀው የቆሙ አሉ። ባለሁለት መኪናው ግን ሞኝ አይደለም።

«ያምራል» አለ። «እኔም ዓይን አለኝ። ግን የተወሰነው ያምራል አያምርም ተብሎ አይደለም። ከአረም ጸዳ አልጸዳም ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሳቸው ይናገሩ። ጋሼ፣ ይህ ሣር ነው አረም?»

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። በእትዬ ክንድ ተደግፈው ወርደዋል፤ ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ ታስሯል። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው። ሣር ነው ይበሉ፣ ጋሼ! ለአንድ ቀን ይዋሹ! ጠዋት የሚወርዱበት ቦታ ነው እኮ!

«አረም ነው» አሉ።

«ወይ አንተ ሰውዬ!» አሉ እትዬ በለሆሳስ።

«ከዳር እስከ ዳር አረም ነው። አንድ ሣር የለበትም።»

ባለሁለት መኪናው እጁን ዘረጋ። «ተሰማ? ጻፊው፣ ሰብሳቢ። ሰኞ ሠራተኛ ይገባል።»

«ቆይ» አሉ ፈታሹ።

የሚያስቆም ድምፅ ነው ብያለሁ። ሰብሳቢዋ ብዕሯን አነሳች።

«ሥሩ ሳይወጣ ነው የምታነጥፈው?»

«ከላዩ ይነጠፋል፤ ምን ይሆናል?»

ፈታሹ በቢላቸው ጫፍ ወደ ብረቱ በር አመለከቱ። መግቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ንጣፍ የተሠራችው አምና ነው። ሁለት ሸክላ ጎናቸው ተነስቷል፤ ከመጋጠሚያቸው ሰርዶ ብቅ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። ባለሁለት መኪናው አየው። ያን ሸክላ ጎማው ስንት ጊዜ እንደመታው ያውቃል።

«ያ የአንድ ሰርዶ ሥራ ነው» አሉ። «ከዚህ ማገጥ ሥር ደግሞ ስንት ሰርዶ እንዳለ አስበው።»

«በማሽን ይገፈፋላ!»

«ማሽን ሥሩን ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሰርዶ አንዱ አምስት ሆኖ ነው የሚመለስልህ። ገንዘቡ ያንተ ነው፤ እኔ ምን ቸገረኝ።»

ባለሁለት መኪናው ወደ ሸክላው፣ ወደ ሜዳው፣ ወደ መኪናው አየ። የንጣፉን አብዛኛውን ወጪ እሱ ሊችል ቃል ገብቷል። በገዛ አፉ «እሺ፣ መጀመሪያ ይነቀል» አለ።

«በእጅ» አሉ ፈታሹ።

«በእጅ ይሁን።»

«ከነሥሩ።»

«ከነሥሩ! ማን ነው የሚነቅለው?»

«እኔ ነኛ።»

«መቼ ይጨርሳሉ?»

ፈታሹ ወገባቸውን ያዝ አደረጉ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ቸኩለው የማያውቁ ሰው መስለው ዙሪያውን ቃኙ። «ሲያልቅ» አሉ።

ሰብሳቢዋ ጻፈች፦ ንጣፉ አረሙ በእጅ ከነሥሩ ተነቅሎ ሲያልቅ ይነጠፋል። ሁሉም ፈረመ፤ ባለሁለት መኪናውም ፈረመ። ሰው ሲበተን ሰብሳቢዋ ደረጃው ላይ ጠጋ ብላኝ «በእርምጃ ለካሁት» አለችኝ። «በካሬ ሜትር ወደ አራት መቶ ግንድ አለ። ወገባቸው በቀን አንድ ነው የሚፈቅድላቸው ብለን ብንይዝ መቶ ሰባ ስምንት ዓመት ገደማ ይፈጃል።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለችና ቤቷ ገባች።

አላጋነነችም። ክቡር ፈታሹ በቀን አንድ ነው የሚነቅሉት። ጠዋት ይወርዳሉ፤ ይመርጣሉ፤ ይነቅላሉ፤ ባለሁለት መኪናው እንዲያይ በመኪናው ጣሪያ ላይ ያደርቁታል። ያ ስድስት ዓመት ያበሳጨኝ፣ አበባዬን የበላ፣ የሰው ሠርግ ፎቶ ውስጥ የገባ ጣት አሁን አንዲት ማገጥ ነቅሎ ከጎኗ ያሉትን ሁለቱን ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ጠጋ ሲያደርግ አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሳምንት ወገባቸው እንደገና ያዛቸው። አንድ ቀን ሳይነቀል ከዋለ ባለሁለት መኪናው ሥራው ቆሟል ብሎ ኮሚቴ ይጠራል። ስለዚህ ተራ ገባን፤ ሰኞ የታችኛው ቤት እናት፣ ማክሰኞ ሰብሳቢዋ፣ ረቡዕ እኔ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ከሥራ ቀርቼ ሜዳው ላይ ተንበርክኬአለሁ። የትኛዋን እንደምመርጥ አላውቅም፤ ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም ሕያው ናቸው። አንዲት ታናሽ ጥግ ላይ አገኘሁና ቢላውን በጎኗ አስጠጋሁ። ከላይ መስኮቱ ተከፈተ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ክቡርነታቸው በዚያ አውቶብስ በሚያስቆም ድምፅ። «ምን ያጣድፍሻል? ገና ሦስት ሰዓት ነው!»

ቢላውን አስቀመጥኩ።